አርባ አንድ ጠዋት

ሥራውን አሳምሮ የሠራ ሰው ይመሰገናል ብሎ የሚያስብ ካለ መሐንዲሱን አያውቀውም ማለት ነው። መሐንዲሱ ለጡረተኛው የወንዝ ለኪ የጻፈው ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው። «በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልጎደለበትም የተባለ መዝገብ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለማመን እቸገራለሁ።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ከሸሚዛቸው ኪስ ከተቱትና ምሳ አልበላም አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤታቸው ሥር ያሉትን አስራ አራት የድንጋይ ደረጃዎች ወርደዋል፤ ወንዙ ውስጥ ከተተከለው ባለ መስመር ሰሌዳ ላይ ውሃው የደረሰበትን አንብበው በመዝገብ አስፍረዋል። ሌላ ለሰው የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። አሁን ወንዙ ላይ ትልቅ ድልድይ ሊሠራ ነው፤ የድልድዩ ቁመት የሚወሰነውም ወንዙ እስከ ስንት ድረስ ሞልቶ እንደሚያውቅ ታይቶ ነው። መሐንዲሱ የሳቸውን መዝገብ ከተወው የሚቀረው ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው የማሽን መለኪያ ብቻ ነው። ንድፉ የሚዘጋው በሦስት ቀን ውስጥ ነበር።

ልጃቸው ደብዳቤውን ስታነብ ደሟ ፈላ። ደግነቱ እሷ ስትናደድ ሰው ላይ አትጮህም፤ ኮምፒውተር ትከፍታለች። እንጀራዋ የተዝረከረከ ፋይል ማጽዳት ነው። ሁለት ዝርዝር አልስማማ ሲል፣ ስም ሲደጋገም፣ ቀን ተገልብጦ ሲጻፍ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሰው ሁሉ እየተቅለሰለሰ ወደ እሷ ጠረጴዛ ይመጣል። ሁሉንም የምታስተካክለው ፐርል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ወጣቶቹ «ያረጀ ነው» እያሉ ያሙታል፤ ችግር ሲገጥማቸው ግን እሷን «እባክሽ በዚያ ባረጀው ነገርሽ» ይሏታል።

መጀመሪያ ለመሐንዲሱ ደወለች። «ምን ባሳይህ ታምናለህ?» አለችው፣ ሰላምታውንም ዘላ።

መሐንዲሱ አልተቀየመም። «ቁጥር ከጭንቅላቱ እየፈጠረ የሚጽፍ ሰው እጁ ዜሮና አምስት ይወዳል» አላት። «ውሃ ግን አያዳላም። በእውነት የተለካ ከሆነ የመጨረሻዋ ቁጥር ከዜሮ እስከ ዘጠኝ እኩል እኩል ትከፋፈላለች። ቁጠሪው። አንድ የተፈበረከ ወር ካገኘሁ ግን መዝገቡን በሙሉ ነው የምተወው። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ነው፣ ይሉኝታ አያውቅም።»

ስልኩን ስትዘጋ ልትጠላው ፈልጋ አቃታት። እውነቱን ነበር።

መዝገቡን ከዓመታት በፊት ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት አራት ጸሐፊዎች ናቸው፤ አራቱም በየራሳቸው ሕግ ኖረዋል። አንደኛው ቀኑን አስቀድሞ ዓመቱን ያስከትላል፤ ሁለተኛው የተገላቢጦሽ። ሦስተኛው ሜትሩን ትቶ ሁሉንም በሳንቲሜትር ጽፎታል። አራተኛዋ፣ እግዜር ይይላትና፣ ውሃው ከትናንቱ ጋር እኩል በሆነ ቁጥር ቁጥሩን መድገም ሰልችቷት «ከላይ እንዳለው» ብላ አልፋለች። አንዳንድ ቦታ «ከላይ እንዳለው» ከገጹ አናት ላይ ይገኛል፤ ከላዩ ምንም የለም።

ልጅቷ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ደስ ይላታል። ለፐርል ትእዛዙን ጻፈችለት፦ መስመሩን በየዓምዱ ቁረጥ፤ ቀኑ በዚህ መልክ ካልተገኘ በዚያኛው ፈልገው፤ ቁጥሩ ከሺህ በታች ሆኖ ነጥብ ከሌለው ሳንቲሜትር ነው፤ ቁጥር ጠፍቶ ቃል ብቻ ካለ የትናንቱን አምጣ፣ ትናንት በሌላ ገጽ ላይ ቢሆንም እንኳ። አርባ መስመር አልሞላም። ስታስነሳው ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት ብላ ሳትውጥ ጨረሰ፤ አስራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ሦስት ቀን በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ቆመ።

የጎደሉ ቀናት፦ ዜሮ።

ማመን አቃታት። ጥሩ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የገዛ እጁን ነው፤ እሷም ከቅጂው ላይ ሆን ብላ አንድ ቀን አጠፋችና እንደገና አስነሳችው። «አንድ ቀን ጎድሏል» አላት፤ የትኛው እንደሆነም ነገራት። ቀኑን መለሰችው። ዜሮ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ተደግፋ ዝርዝሩን ወደ ታች ታንከባልለው ጀመር። እሷ የተመረቀችበት ቀን አለ። አያቷ የሞቱበት ማግስት አለ፤ «አንድ ሜትር ከሰባ ሦስት፤ ቀብር ስላለ ቀደም ብሎ ተለካ» ይላል። አባቷ ከወንዙ ሌላ የሚያወሩት የላቸውም እያለች ስንት ጊዜ ቀልዳባቸዋለች። አሁን የቀልዱን መጠን በቁጥር እያየችው ነበር።

ቀጥላ የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች አስቆጠረች። ፐርል ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ለየቁጥሩ አንድ ቋት ይከፍታል፣ ባገኘው ቁጥር አንድ ይጨምርበታል፣ በቃ። ሦስት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ ዘጠኝ። ሰባት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስድስት። አስሩም ትከሻ ለትከሻ ተካክለዋል። ሽማግሌው ለዜሮ አላደሉም፣ ለአምስትም አላደሉም። ልጅቷ ብቻዋን ሳቀች።

እዚህ ላይ ብታቆም ታሪኩም ያቆም ነበር። መሐንዲሱ ግን «አንድ ወር» ነበር ያለው፤ ስለዚህ በየወሩ ለይቶ እንዲቆጥር አዘዘችው። በሦስተኛው ዓመት፣ በከባዱ የዝናብ ወራት፣ አርባ አንድ ቀን ተከታትሎ የመጨረሻው ቁጥር ወይ ዜሮ ወይ አምስት ነው። ሌላ ቁጥር የለም። ከነዚያ ቀናት ሃያ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ትልቁ ሙላት ተጽፏል፤ ስድስት ሜትር ከአርባ አምስት።

አባቷ፣ እነዚያ የማይዋሹት አባቷ፣ አርባ አንድ ቀን ቁጥር ፈጥረው ጽፈዋል።

ሌላም ነገር ታያት፤ ከራሷ መደበቅ አልቻለችም። ለየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር በዘፈቀደ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ አንድ መስመር ብትጽፍ፣ አርባ አንዱም ቀን ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል። መሐንዲሱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አያውቀውም። መስመሩን ጻፈችው እንኳ። ጣቷ ማስነሻው ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፋችውና ወደ ሳሎን ሄደች።

«አባዬ፣ በሦስተኛው ዓመት በዝናቡ ጊዜ ምን ሆነህ ነበር?»

አባቷ ቀና አላሉም። «ምን እሆናለሁ?»

«አርባ አንድ ቀን ዜሮና አምስት ብቻ ነው ያለው።»

«ሌባ ነህ ነው የምትይኝ?» ሽማግሌው ተነሡ፤ ድምፃቸውም አብሯቸው ተነሣ። «በገዛ ቤቴ! ያ ሰውዬ ሲሰድበኝ አነሰና አንቺ ደግሞ በዚያ መኪና ቆጥረሽ…» እንደገና ተቀመጡና ጉልበታቸውን ያዙ።

ጥግ ላይ ልብስ ሲያጥፉ የነበሩት እናቷ ሸሚዙን አስቀመጡ። «ተወው እንግዲህ» አሉ ባላቸውን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እኔ ነኝ የለካሁት፣ ልጄ።»

አባቷ ያን ጊዜ እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከአንድ ሳምንት በላይ የቀረ ለኪ ሌላ ሰው ይተካበታል ይላል፤ ቤቱም ለለኪው የተሰጠ ቤት ነበር። እናቷ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ በየጠዋቱ ወጥተው ውሃውን አዩ፤ ያዩትን በወረቀት ጻፉ። አባቷ በክራንች ሲመለሱ ወረቀቱን ወደ መዝገቡ ገልብጠው በራሳቸው ስም ፈረሙበት።

«ደረጃው ያዳልጥ ስለነበር ከላይ ሆኜ ነው የማየው» አሉ እናቷ። «ከላይ የሚታየው ወፍራሙ መስመር ብቻ ነው፣ በየአምስቱ ያለው። ቀጭኑ አይታየኝም። ውሃው ለየትኛው ወፍራም እንደቀረበ አይቼ እጽፋለሁ። ስህተት ነበር እንዴ?»

ልጅቷ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተነገረ ነገር ከቁጥሮቹ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆይቷል፤ አርባ መስመር የማይሞላ ፐርል ጎትቶ አወጣው። አንዲት ሴት ከደረጃ አናት ላይ የቆመችበትን ቦታ ቁጥር ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

ግን እሷ አመነች ማለት መሐንዲሱ አመነ ማለት አይደለም። የእናት ቃል ልጅን ያሳምናል እንጂ ድልድይ አያቆምም። ደወለችና ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው።

«ከታች አርባ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ አለ» አለ መሐንዲሱ። «በዚያ ዘመን ለራሱ ይመዘግብ ነበር። ፋይሉን ልላክልሽ፤ እውነት ከሆነ እዚያ ይታያል። ግን ፋይሉን ስታዪው ትረግሚኛለሽ።»

ረገመችው። አዲሱ ቀን ከላይ፣ አሮጌው ከታች ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ተለክቷል፤ ሰዓቱና ከፍታው ያለ ክፍተት ተጣብቀው ተጽፈዋል፤ መሐል መሐል ላይ የተረኛ ዘበኞች ዝርዝር ገብቶበታል። የሁለተኛው ቀን ጠዋት በዚህ አለቀ። ዘበኞቹን አስወጣች፣ የተጣበቀውን አላቀቀች፣ ረድፉን ገለበጠች። ከላይ ያለፈ ውሃ እታች የሚደርሰው በማግስቱ ስለሆነ፣ የእናቷን እያንዳንዱን ቀን ከፓምፕ ቤቱ ማግስት ጋር ጎን ለጎን አቆመችው። ከዚያ አስነሳችው።

እናቷ «ጨመረ» ባሉበት ቀን ማግስት እታች ጨምሯል። «ጎደለ» ባሉበት ጎድሏል። ሦስት ቀን ባለበት ቆመ ብለው ከሆነ ሦስት ቀን ቆሟል። በሃያ አራተኛው ቀን የፓምፕ ቤቱ መዝገብ «ሞተሩን ውሃ ዋጠው» ብቻ ይላል። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ዘጠኙ ገጠመ፤ በቀሩት ሁለት ቀናት ፓምፕ ቤቱ ምንም አልጻፈም። እዚያ የነበረው ሰው ሚስት አልነበረችውም ይሆናል።

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ወንዙ እንደ ሁልጊዜው ከታች ይፈሳል። ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ግን ከሐዘን አልነበረም፤ ስሙንም አላወቀችውም።

በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ራሱ መጣ። ስታስበው ከነበረው ይልቅ አጭርና ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን ደጃፍ ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ወረቀቱን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሽማግሌውንና ሚስታቸውን ይዞ ወደ ደረጃው አናት ወጣ፤ ልጅቷ ተከተለች። ሰሌዳውን ቁልቁል ተመለከተ፤ ዓይኑን አጨንቁሮም ቀጭኑን መስመር ማንበብ አልቻለም።

«ከወፍራም እስከ ወፍራም አምስት ሳንቲሜትር ነው፤ ቢበዛ በሁለት ተኩል ነው የሚሳሳቱት» አለ ለራሱ። «የኔ ማሽን ከዚያ የበለጠ ይሳሳታል።» ወደ እናቷ ዞረ። «እናቴ፣ መዝገቡን ተቀብዬዋለሁ። የድልድዩ ቁመትም በእርስዎ ስድስት ሜትር ከአርባ አምስት ላይ ነው የሚቆመው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዝናቡ ጋብ ባለባቸው ቀናት ደረጃው ደርቆ ነበር። አራት ደረጃ ቢወርዱ ቀጭኑን ያዩት ነበር። ለምን አልወረዱም?»

እናቷ እንግዳ ጥያቄ እንደተጠየቁ ሁሉ አዩት። «ልጅ አዝዬ ነበራ፣ ይቺን» አሉ ወደ ልጅቷ እያመለከቱ። «አራት ወሯ ነው። ቤት ብቻዋን ትቻት አልወጣ፤ አዝያት ደግሞ ወደ ውሃ አልወርድ። ያ ትልቁ ሙላት የመጣ ቀን ከደጃፉ አልራቅኩም፤ ውሃው ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ሲያልፍ እሷ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነበር።»

ሽማግሌው ሚስታቸውን ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው የመሐንዲሱን ብዕር ተቀበሉ። በመዝገቡ ላይ «ለኪ» በሚለው ዓምድ ሥር ያለውን ፊርማቸውን አርባ አንድ ጊዜ ሰረዙ። ቸኩለው አልሰረዙም።

መሐንዲሱ ፋይሉም እንዲስተካከል ጠየቀ። ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን ስም ለውጥ ማለት ለፐርል ሥራም አይባልም። እሷ ግን ፋይሉን በእጇ ከፈተችና ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ፣ እያንዳንዱን ቀን ድምፅ አውጥታ እያነበበች፣ የአባቷን ስም እያጠፋች የእናቷን መጻፍ ጀመረች። እናቷ ከኋላዋ ቆመው ያዳምጣሉ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ምነው?» አሉ እናቷ።

«ምንም» አለች፤ ዓይኗን ጠርጋ ቀጠለች። ገና አስራ ስምንት ጠዋት ይቀራቸው ነበር።