የአክስቴ ሁለተኛ ዓይን

ጨመዳ ነቀምቴ ውስጥ ለሥዕል የሚቀመጥለት ሰው አጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ተመልሶ ተማሪ ቤት ያስተምራል፤ ፍላጎቱ ግን ሰው መሣል ነው። የከተማው ሰው ደግሞ ፎቶግራፍ ቤት ባንድ አፍታ ለሚያልቅ ነገር ለምን አራት ቀን ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አልገባውም።

በ1963 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ አክስቴን ወይዘሮ በዛብሽን አግባባሁለት። ጎጃሜ ናት፤ የማርያም ማኅበርተኛ። ሥዕሏ ከተወደደ ማኅበርተኞቿ ሁሉ እንደሚቀመጡ፣ ካልተወደደ ግን ማንም ደጁን እንደማይረግጥ እኔም እሱም እናውቅ ነበር።

ጨመዳ ሰውን አያሳምርም። መስኮት አጠገብ ያስቀምጥና ብርሃን የነካውን ብቻ ይሥላል፤ የቀረውን ለጥላ ይተወዋል። ለእጅ የሚለፋውን ያህል ለፊት አይለፋም። አክስቴንም በጎን አዙሮ አስቀመጣት። ከመጀመሩ በፊት በረንዳ ላይ ጠራኝ። እሱ ሥዕል በሌለበት የሚሲዮን ጸሎት ቤት ያደገ፣ የትንሿ ከተማ የቢላ ልጅ ነው።

«አንቺ ታውቂያለሽ፤ በእናንተ ዘንድ ሰው በጎን ቢሣል ነውር አለው?» አለኝ።

«የለውም» አልኩት።

ግን አውቅ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ይሁዳና ሰይጣን በጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ ያሳያሉ። ኋላ ቀርነት ነው፣ ማብቃት አለበት ብዬ አሰብኩ። በአክስቴ ፊት ላይ እንዲያበቃ ስወስን ግን እሷን አልጠየቅኳትም።

ሥዕሉ ግሩም ነበር። የአንገቷ ሥር፣ የነጠላዋ ጠርዝ፣ ጭኗ ላይ ያረፉት የደከሙ እጆቿ። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ማኅበሩ ቤቷ ተሰብስቦ ሳለ ሥዕሉን የሸፈነው ጨርቅ ተገለጠ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው አቶ አበጋዝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በዛብሽ፣ ሠላሳውን ብር የት ደበቅሽው?»

ሁሉም ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም።

«ልጄ፣ ምን ክፋት አየህብኝ?» አለችው።

ጨመዳ ግራ ገባው። አቶ አበጋዝ ነገሩን አስረዱት። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በኦሮምኛ እናት ብሎ እየጠራት፣ «አዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አለማወቄ ነው» አላት።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ አልነገርሽውም?»

«ረስቼው ነው» አልኩ።

«ትምህርቱ ብዙ ነው፣ ምን ታድርግ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእንግዶቿ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው።

ሌላውን ዓይኗን እንዲጨምርላት ለመነችው። በማግስቱ መጣ። የቀለሙን ሰሌዳ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ዓይን ሊኖርበት በማይችል ቦታ፣ ጉንጯ ጠርዝ ላይ፣ ዓይን ሣለ። ያን ሁሉ የለፋበትን ብርሃን በገዛ እጁ አበላሸው። ብሩሹን እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ «የለውም ብለሽኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲያ የሚቀመጥለት ሰው አልመጣም። መስከረም ላይ ዝውውር ጠይቆ ቢላ ገባ።

ሥዕሉ ዛሬም ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጁ ተሳስቶ ነበር፤ ኋላ አረመልኝ» ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።