ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር

የልጅቷ አያት ልብስ ሰፊዋ ቤት የገባችው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ፈታሽ ነበር። ወለሉ ላይ የተበተነውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በጫማዋ ጫፍ ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «የልጄ ልጅ እዚህ ውስጥ ነው የምታድገው?» አለች።

«የለም፣ ጣራው ላይ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናው ሳትነሳ። «ይግቡ እንጂ። ቁርጥራጩ አይናከስም።»

«ለመናከሱ ባለቤቲቱ ትበቃለች።»

ከአያት ኋላ የገቡት ወንድሟ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዘመድ ጠብ ሲያስቆሙ የሚውሉ ሰው። ዘመዱ ሁሉ ጋሽ ፍሬን ይላቸዋል። ዛሬ የመጡት ነገሩን ሊቆርጡ ነው፤ ልጅቷ ከአክስቷ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ትቆይ ወይስ ወደ አያቷ ትሂድ? የከባድ መኪና ሾፌሩ አባቷ «አጎቴ የወሰኑት ይሁን» ብሎ መንገዱን ይዟል።

አክስት ልቧ ሞልቷል። እህቷ ስትሞት አራሷን ልጅ የታቀፈቻት እሷ ናት፤ አያት ተብዬዋ ያኔ ዝር አላለችም። ጋሽ ፍሬንም የልጅቷን ጥፍርና አንገትጌ አገላብጠው አይተው፣ «አያያዟስ እንከን አይወጣለትም» አሉ። አክስት ፈገግታዋን ለመደበቅ ክር በጥርሷ በጠሰች።

አያት ግን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁልፍ በየቀለሙ ወደምትለየው ልጅ ጎንበስ አለች። «የኔ እናት፣ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ? ሰፊ ቤት አለኝ።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እግርዎን የሚያሽልዎ አጥተው ነው አይደል?»

አያት እየተቃናች ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ይኼን ማን ነገረሽ?» አሉ ጋሽ ፍሬን።

«አክስቴ ናታ! ስትሰፋ ሁሌ ትለዋለች» አለች ልጅቷ፣ ጎበዝ እንደተባለ ተማሪ ደረቷን ነፍታ። «የጎማውንስ ልንገራችሁ? አሮጊቷ አንድ ልጅ አሳድጋ ጎማ አፈራች፤ ሚስቱን ቀብሮ ተንከባለለ!»

አክስት የስፌት መኪናውን አቆመች። ደንበኛ ለማሳቅ ስድቧን እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወለል ላይ ስትጥል፣ ከጠረጴዛው ሥር የሚለቅም አለ ብላ አስባ አታውቅም።

«ሰማህ ወንድሜ? ገላዋን አልብሳ አፏን አራቁታዋለች! ሻንጣዋን አውጡልኝ!»

ጋሽ ፍሬን እጃቸውን አነሱ። «ልጅ የሰማውን ነው የሚያወራ። አሳዳጊዋ ይቅርታ ከጠየቀች ትቆያለች፤ ካልጠየቀች ዛሬውኑ ትሄዳለች። አለቀ።»

አክስት ከይቅርታ መርፌ መዋጥ ይቀላታል። ደግሞ የቱ ውሸት ሆኖ ነው ይቅርታው? ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ቁልፎቿን በእፍኟ መሰብሰብ ጀምራለች፤ መሄዷ መሆኑ ገብቷታል።

አክስት ተነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ! አጥፍቻለሁ!»

«እንዲህ ነው። በየእሑዱ እየመጣሁ አፏን እፈትሻለሁ።»

«ይምጡ። ወንበር አይጠፋም።»

ልጅቷ የአክስቷን ቀሚስ ጎተተች። «አክስቴ፣ የውሸትሽን ነው አይደል?»

አያት በሩ ላይ ቆመች። ያ የደከመ ጆሮዋ ድንገት ተሽሎታል።

«የእውነቴን ነው» አለች አክስት። «በይ ጫማሽን አድርጊና አያትሽን ሸኚ። እጃቸውን ያዢያቸው፤ ደረጃው ይጥላቸዋል።»

«ቢጥለኝ ደስታሽ ነበር» አለች አያት።

አክስት አፏን ከፈተች። ልጅቷ አንጋጣ፣ የሚወጣውን ለመልቀም ትጠብቃለች። አክስት መልሳ ገጠመችው።