አይሁድነቱን የመሰከርኩለት ሰው

እስራኤል የሚባለውን መንግሥት አልቀበልም። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሱቄ የመጣ ሁሉ ከመልሱ ጋር አቋሜን ተቀብሎ ነው የሚሄደው። የጋዛ ጦርነት የጀመረ ሰሞን ያንን ጥቁር ለስላሳ ከሱቄ አስወጣሁት። ፍሪጁን ግን ኩባንያው በነፃ የሰጠኝ ስለሆነ አልመለስኩትም፤ ምልክቱን በፍልስጤም ባንዲራ ሸፈንኩና ውሃ አቀዝቅዤ መሸጥ ቀጠልኩ። ባለቤቴ ፈዲላ አቋሜ እስከ ፍሪጁ በር ድረስ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ምላሷ እንዲህ ነው።

ቤታችን ፊት ለፊት የሚኖረው ገብረየስ ደግሞ ቪትዙ ውስጥ የእስራኤልን ባንዲራ አንጠልጥሎ ነው የሚነዳው። ለምን ሲባል መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተጽፏል ይላል፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ የለውም። ዜና ሰዓት ሲደርስ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ ቴሌቪዥናችንን ከፍ አድርገን ኮሪደሩን የጦር ሜዳ እናደርገዋለን። እየሩሳሌምን አንዳችንም አላየናትም፤ እኔ በአውሮፕላን የሄድኩት ኮምቦልቻ ድረስ ነው።

አይሁድ ግን ከእኛው ሕንፃ ነበረን። ግራውንድ ላይ የሚኖረው እዝራ በያጅ ነው፤ የሱቄን የብረት በርም ሆነ የገብረየስን የመስኮት ፍርግርግ የሠራው እሱ ነው። አያቱና አያቴ ወሎ ውስጥ አንድ ሸለቆ የተጋሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። እዚህ ስንገናኝ የአገሬ ልጅ ብዬ ያዝኩት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን። ስለ አይሁድ ስናገር እሱን ማለቴ አልነበረም። አይሁዶች ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉት ናቸው፣ እዝራ እዝራ ነው። እሱም ይህ የገባው ይመስለኛል፤ እኔ ስጮህ ሶፋዬ ላይ ተመቻችቶ የፈዲላን ሳምቡሳ ይበላል።

ገብረየስ የእዝራን ዘር የሰማ ዕለት ደስታውን አልቻለውም፤ የተመረጠው ሕዝብ በእኛ ብሎክ ብሎ አቀፈው። በማግስቱ ሚስቱን ስትወርጂ ሕፃኑን ሸፍኚው ሲላት ፈዲላ ሰማች። በእኛ አገር የብረት ሠሪ ዘር ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ገብረየስ እስራኤልን ይወዳል፣ በእዝራ መልክ ደረጃ ላይ ሲያገኛት ግን ልጁን ይደብቃል።

የእዝራ ልጅ ኣርያም ስድስት ዓመቷ ሳለ ከእናቷ ጋር ወደ እስራኤል ሄደች። እናትየው በራሷ ዘር ተፈቀደላት። እሱ ከእናትየው ጋር ተፋትቶ ስለነበር በራሱ ዘር አመለከተ፤ አያቱ አይሁድ ለመሆናቸው ወረቀት አምጣ ተባለ። ሸለቆ ውስጥ ለሞተ ቀጥቃጭ ማን ወረቀት ጽፎ ያስቀምጣል? አሥራ አራት ዓመት ልጁን በስልክ አሳደገ። ጦርነቱ በጀመረ በዓመቱ ኣርያም ፎቶ ላከች፤ የወታደር ልብስ ለብሳለች። እዝራ ፎቶውን ለእኔ ሳያሳይ አንድ ወር ቆየ። ሳየው ለጋዛ ልጆችም አዘንኩ፣ ለእሷም ፈራሁላት። ፈገግታዋ ቁርጥ አባቷን ነው። ስለ እስራኤል ተነሥቶ ዝም ያልኩት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

አምና ከአረፋ በፊት ጉዳዩን የሚያጣሩት ሰዎች የመጨረሻ ዕድል ሰጡት፤ አያቱን በዓይኑ ያየ ምስክር እንዲያመጣ። የእዝራን አያት ካዩት ውስጥ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዝራ ሱቅ መጥቶ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀ።

«አያ አብዱልገኒ፣ አቋምህን አውቃለሁ» አለኝ። «እንቢ ብትለኝ አልቀየምህም። ግን ከአንተ በቀር ሰው የለኝም።»

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። መሬቱን ለባለቤቱ መልሱ እያልኩ ጉሮሮዬ የደረቀ ሰው፣ ጭራሽ አንድ ነዋሪ ልጨምርላቸው? የመስጊድ ጓደኞቼስ ምን ይሉኛል? ገብረየስ እኔ ልመስክር ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ ስለ እዝራ አያት የሚያውቀው ግን ኦሪት ላይ ያነበበውን ብቻ ሆነ። ነገሩን የቋጨችው ፈዲላ ናት።

«የጠየቁህ ስለ ሰውየው አያት ነው እንጂ ስለ መንግሥቱ አይደለም» አለችኝ። «የምታውቀውን እውነት መደበቅ ሐራም ነው።»

ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ አስገቡኝ። እዝራ የኣርያምን ፎቶ ይዞ ኮሪደር ላይ ቀረ። ጠያቂዋ ወጣት ናት፤ ጎንደር ተወልዳ እስራኤል ያደገች። ስሜን ስትጽፍ ቀና ብላ ኮፍያዬን አየችና ሰውየው አይሁድ እንደነበሩ በምን አወቁ አለችኝ።

«ስለማይነካን» አልኳት።

ከዚያ ዘረገፍኩት። አያቴ ማጭድ ሊያሠራ ሲሄድ ማጭዱን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይል ነበር። የእዝራ አያት መጥቶ ያነሣል፤ ሲጨርስም እዚያው ድንጋይ ላይ ይመልሳል። ሳያስበው አንዳችንን ከነካ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። እኛ ለእሱ ርኩሳን ነበርን፤ ልጆቹ ይህን ስላወቅን ልንነካው እያሳደድን እናስሮጠው ነበር። አርባ ዓመት ሲጎራበቱ አያቴና እሱ አንድ ቀን እጅ ለእጅ አልተጨባበጡም። አያቴ ሲሞት ግን እንደ እሱ ያለቀሰ አልነበረም፣ ከድንጋዩ ወዲያ ቆሞ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የእሷም አያት እንዲህ እንደነበሩ ነገረችኝና ዓይኗን ጠረገች። በልቤ አለቀ፣ እዝራ ሄደ አልኩ።

«እዝራስ?» አለች እስክሪብቶዋን አንሥታ። «የአያቱን ሥርዓት ይጠብቃል? እናንተ ቤት ይበላል?»

አሥራ አንድ አረፋ ታየኝ። እዝራ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ፣ እኔ ያረድኩትን በግ፣ ፈዲላ ያጎረሰችውን። በረመዳን ሾርባው ሲዘገይ ከእኔ ከጾመኛው ቀድሞ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። እውነቱን ብናገር ሥርዓቱን የተወ ሰው ነው ብለው ፋይሉን ይዘጉታል። አሥራ አንድ ዓመት ወዳጅነታችን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንጀል ሆኖ ቀረበ። እውነት ልናገር ብዬ የሄድኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

«አይበላም» አልኳት። «እጃችንንም አይጨብጥም። ይጸየፈናል።»

በሚገባ ጻፈችው። ደስ ያላትም መሰለኝ። ስንወጣ አጣሪዎቹ ሳይናገሩ ሰፈር ድረስ መጥተው አኗኗሩን ሊያዩ እንደሚችሉ አስጠነቀቀችን። ሚኒባስ ውስጥ ያልኩትን ስነግረው እዝራ እስከ መገናኛ ሳቀ። ከመገናኛ በኋላ የልጁን ፎቶ አውጥቶ ያይ ጀመር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን መግባት ቀረ፤ አጣሪ ቢመጣስ? በአረፋ ፈዲላ ትሪውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ደረጃው ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘጋች። እዝራ ወጥቶ ወሰደው። ጠዋት ታጥቦ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘነው። ገብረየስ ይህን በበሩ ቀዳዳ ሲከታተል ከርሞ በጦርነቱ ተጣላችሁ አይደል አለኝ፣ ሊያስታርቀን ሳይሆን ሊያረጋግጥ። የመስጊድ ጓደኞቼ ደግሞ ከቃል አልፈህ ወደ ተግባር ገባህ ብለው ትከሻዬን መቱ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም፤ እንዲህም አፍሬ አላውቅም።

አጣሪ የሚባል ሰው እስከ ዛሬ አልመጣም። እዝራ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ብየዳ አቆመ። ቀጥሎ ቆብ አደረገ፤ ቀጥሎ የልጁን ቋንቋ ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ማጥናት ጀመረ። ለኣርያም ሲል ነው፣ ሲገናኙ ባዕድ እንዳይሆንባት ብዬ ደስ አለኝ፤ ወላሂ ከልቤ ደስ አለኝ።

የዘንድሮ አረፋ እለት ፈዲላ እንደ አምናው ትሪውን ደረጃው ላይ አኖረች። ጠዋት በሩን ስከፍት እዚያው ነው። ጨርቁን ገለጥኩት፤ ቁራሽ እንኳ አልተነካም። እዝራ ከታች ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ደረስኩበትና እንደ ልማዴ ትከሻውን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ አለ።

«አትቀየመኝ አያ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «አንተው እኮ ነህ የመሰከርክልኝ።»

ትሪውን ይዤ ገባሁ። እንግዲያው አልዋሸሁም ማለት ነው፣ አላህም በዚህ አይጠይቀኝም አልኳት ፈዲላን፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ። እሷ ስጋውን ወደ ድስቱ መለሰች፤ ከዚያ ማንም ያልበላበትን ትሪ ይዛ ገብታ ለረጅም ሰዓት ስታጥብ ሰማኋት።