ዌንዙ የተሳለው ጸሎት ቤት

አባቴ ዌንዙ ከጎዞ ደሴት ወደ ማልታ ድንችና ፍየል በሚያመላልስ የሸራ ጀልባ ላይ ባሕረኛ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማልታ በረሃብ ስለተያዘች፣ ሰማዩ አውሮፕላን ቢያዘንብም ጉዞው አልቆመም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አውሮፕላን በፀሐይ በኩል ድንገት መጣባቸው። ቦምቡ ጀልባዋን ለሁለት ሰነጠቃት። አባቴ ከውሃው ብቅ ሲል ካፒቴኑ የለም፤ ፍየሎቹ እየጮኹ ይሰምጣሉ። የተረፈው ጓደኛው ቺኩ ብቻ ነበር። ሁለቱም አንድ የተሰበረ ምሰሶ አቀፉ።

«አውሮፕላኑ ተመለሰ! ጭንቅላትህን ውሃ ውስጥ ድፈቅ!» አለ ቺኩ።

ውሃ ውስጥ ገቡ። አባቴ ጥይቱ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካ እንደሚለው፣ ቸስ፣ ቸስ ሲል ሰማው።

ሲወጣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። የጎዞ ገደል ከሩቅ ይታየዋል፤ ውሃው ግን ወደ ጥልቁ ይጎትታቸዋል።

«እመቤቴ ማርያም! ከዚህ ካወጣሽኝ እዚያ ገደል ላይ በገዛ እጄ ጸሎት ቤት እሠራልሻለሁ!» ብሎ ተሳለ አባቴ።

«አንተ?» አለ ቺኩ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ። «የዶሮ ቤትህን እንኳ ነፋስ ወስዶብሃል! እመቤታችን ላይ ጣራ ልትንድባት ነው?»

አባቴ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ዞር ቢል፣ ምሰሶው ላይ የቀረው የራሱ እጅ ብቻ ነበር። የቺኩን ስም እየጠራ ጮኸ።

ዓሣ አጥማጆች ሲያገኙት ጣቶቹን ከእንጨቱ ያላቀቁት በግድ ነው።

ጦርነቱ አበቃ፤ ስለቱ ግን እንቅልፍ ነሳው። ያ ገደል ባሕሩን ቁልቁል ያያል፤ አባቴ ደግሞ የማዕበል ድምፅ ሲሰማ ይሸበራል። ሊሠራ ይነሳና ከመንገድ ይመለሳል።

«ሌላ ቦታ ሥራላት» አለችው እናቴ ጆርጃ።

«ቦታውን ጠርቼላታለሁ እኮ! ማርያምን ላታልላት?»

«እንግዲያው ጀርባህን ለባሕሩ ስጥ። እኔ በገደሉ በኩል እቆምልሃለሁ።»

ሥራው እንዲያ ተጀመረ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አባቴ ድንጋዩን ጥሎ መሬት ላይ ይለጠፋል።

አንድ ቀን የቺኩ ሚስት ማርያና ወደ ገደሉ መጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። አባቴ ከባሕሩም ይበልጥ እሷን ፈራ።

«ዌንዙ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቺኩ ሲሞት ፈርቶ ነበር?»

«የፈራሁትስ እኔ ነኝ። እሱማ በግንበኝነቴ ሲያሾፍ ነበር።»

ማርያና እንባዋን እየጠረገች ግድግዳውን አየችው። «ቢያሾፍም አይፈረድበት። ይኸው ግድግዳው ጠሟል» አለችና የትከሻ ልብሷን አውልቃ ድንጋይ ታቀብለው ጀመር።

ቄሱ ጸሎት ቤቱን ሲባርኩ ባሕሩ ከታች ያጓራ ነበር። አባቴ አግዳሚ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«አባባ፣ ስለትህን አድርሰሃል። አሁን ምን ያስፈራሃል?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማርያምን አይደለም የምፈራው፣ ልጄ። ባሕሩን ነው» አለኝ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን ከቦታው አልተነሳም።