ቀድማ የገባችው

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ በቢሽኬክ ላይ የከሰል ጭስ ያጠቆረው ስስ በረዶ ይወርዳል።

ቡሩልቻ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ ወደ አዲሱ ሕንጻ ገባች። ማርጃንን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው። ማርጃን ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካን የተቀላቀለባት ድመት ናት።

ቡሩልቻ ከልብስ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ሥራዋ ድመት ነው። በአሮጌው ሕንጻ ምድር ቤት፣ በማሞቂያው ቧንቧ ሥር የሚኖሩትን በሣጥን ወጥመድ እየያዘች ታስመክናለች፤ ሐኪሙም መምከናቸው ከሩቅ እንዲታወቅ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ይቆርጣል። ሰው ለሚለምዱት ቤት ትፈልጋለች። የማይለምዱትን ወደ ቧንቧቸው ትመልሳለች። ማርጃን ከማይለምዱት ወገን ነበረች። ሁለት የበረዶ ወቅት ቡሩልቻ ቀዝቃዛው ስሚንቶ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ እየተቀመጠች፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ ዓይኗን ሳታዞር ጠበቀቻት። በሦስተኛው መኸር ድመቷ ራሷ መጥታ ጉልበቷ ላይ ተኛች።

ዘንድሮ አሮጌው ሕንጻ ተሸጠ። ገዢው ከማፍረሱ በፊት የምድር ቤቱን መስኮቶች በጡብ እንደሚደፍን ማስታወቂያ ለጠፈ። ቡሩልቻ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ በሽተኛና ዕውር ድመቶች ሞልተዋል፤ አከራይዋም አንድ ቢጨመር የሷንም አልጋ አብሮ እንደሚያወጣ ነግሯታል። ስለዚህ ጡቡ ሳይደርስ ለምድር ቤቱ ድመቶች ሁሉ ቤት መገኘት ነበረበት።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለው አዲስ ሕንጻ አለቀና ድመት ፈላጊው በዛ። እኛ ዘንድ አዲስ ቤት ሰው ቀድሞ አይገባም። ድመት ትቀድማለች፤ በባዶው ቤት ያደፈጠ ክፉ ነገር ካለ እሷ ትረግጠዋለች፣ ሰው ዱካዋን ይከተላል። ሦስት ቀለም ካላት ሲሳይ ታስገባለች።

የሐኪሙ ረዳት ሬይሃንጉል የድመቶቹን ፎቶ በስልኳ የምታሠራጨው ልጅ ናት። ጥድፊያው አላማራትም። እንደ ወትሮው ቤቱ ይታይ፣ መስኮቱ ድመት እንዳትወድቅ የሚያግድ መረብ እንዳለው ይጣራ፣ ከሳምንት በኋላም ይጠየቅ አለች። ቡሩልቻ አልሰማቻትም።

«መረብ የሚቆጠረው በማያምኑት ሰው ቤት ነው» አለቻት። «ድመት ተከትሎ የገባ ሰው ድመቷን አያስወጣም። ሲሳዩን በገዛ እጁ ሊያስወጣ?»

«ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ፣ ያ በእናትዎ ዘመን ነው። የዛሬ ሰው ከሲሳዩ ይልቅ የሚሳሳው ለሶፋው ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሳታገቢ አማት ሆንሽ።»

ማርጃን መጀመሪያ የሄደችው ሁለተኛ ፎቅ፣ አይጃርቂን ወደምትባል ወጣት ሚስት ቤት ነበር። አይጃርቂን በደስታ አለቀሰች። ድመቷ ደፉን ስትሻገር እንደ ሙሽራ ከረሜላ በተነችባት። ቡሩልቻ ያን ቀን ወደ ቤቷ የተመለሰችው እየዘመረች ነው።

አሁን በሩን የከፈተችላት ያቺው አይጃርቂን ናት። አቅፋ ሳመቻት፣ ካባዋን ተቀበለቻት፣ ወደ ማዕዱ ሳበቻት። ሻይ ተቀዳ፣ ቦርሶክ የሚባለው በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ማዕዱ ላይ ተበተነ። ድመቷ ግን ከሶፋውም ሥር አልነበረችም። ቡሩልቻ ስትጠይቅ አይጃርቂን ሳታፍር ነገረቻት፤ የባሏ ወንድም አራተኛ ፎቅ ቤት ሊገባ ነበር፣ ድመት አጣ፣ ለዘመድ እንዴት እምቢ ይባላል።

«አላስወጣኋትም እኮ ኤጄ» አለች። «ከቤት ወደ ቤት ነው የሄደችው።»

ቡሩልቻ ተነሣች። ዳቦ ሳትቀምስ መውጣት አይቻልምና ቆርሳ ቀመሰች።

አሳንሰሩ ገና አይሠራም ነበር። በአራተኛው ፎቅም ሻይ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ማርጃን የለችም፤ ወደ ስድስተኛ ወጥታለች። በስድስተኛው ደግሞ አሮጊቷ የቤት እመቤት የድመቷ እግር ሲሳይ እንዳስገባ፣ ልጃቸውም በገቡ በሳምንቱ ሥራ እንዳገኘ ተርከው መረቋት፤ ከዚያ ወደ ላይ ሰጥተናታል አሉ። ቡሩልቻ እዚያም ቀመሰች። ሁሉም ደጎች ነበሩ። አንድም የዋሸ የለም። ደረጃው ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ነገሩ ገባት፤ ድመት ከቤት ማስወጣት ነውር ስለሆነ ማንም አላስወጣትም፤ ሁሉም ወደ ላይኛው ፎቅ ገፍቷታል። እየገፉ ሕንጻው የሚያልቅበት ደርሰዋል።

ዘጠነኛው የመጨረሻው ነው። በሩን የከፈተው ቱርዱቤክ የሚባል፣ ክንዱ በቀለም የተዥጎረጎረ ወጣት ነው። ድመቷን ልትጠይቅ እንደመጣች ነገረችው።

«ሄደች ኤጄ።»

«ለማን ሰጠኻት?»

«ከእኔ በላይ ማን አለ? ጣሪያው ነው» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው።

«እንዴት ሄደች ልጄ?»

«በራሷ። እጄ አልነካትም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ድመት አይሆንላትም አሉን። ማስወጣቱ ደግሞ፣ እርስዎም ያውቁታል፣ አይደረግም። በሩን ብከፍትላት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ሲከፈት ቀድማን ትገባለች። የወደደችበት ትሂድ ብዬ በረንዳ ላይ ሳለች የመስተዋቱን በር ዘጋሁት። ጠዋት የለችም።»

«ዘጠነኛ ፎቅ እኮ ነው።»

«ድመት አይደለች? ድመት በእግሯ ነው የምታርፈው።»

ቡሩልቻ ወደ በረንዳው አለፈች። በመስተዋቱ በር ውጫዊ ገጽ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ የመዳፍ ዱካ ተደራርቦ ደርቋል። እዚያው ቁመት ላይ የአፍንጫ ዱካም ነበር።

ስትመለስ ቱርዱቤክ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ቡሩልቻ አልቆረሰችም። በጎኑ አልፋ ወጣች። ልጁ ፊቱ ነጣ፤ ባዶ እግሩን፣ ዳቦውን እንደያዘ፣ በደረጃው ተከተላት።

«ኤጄ፣ ይቅመሱልኝ። ልጅ እየጠበቅን ነው። ቤቱን አይርገሙብን።»

«እኔ ምን አገባኝ» አለችው ሳትዞር። «ቀድማ የገባችው እሷ ናት። እሷን ለምናት።»

ግቢውን የሚጠርጉት ኢስሃር የሚባሉ የዱንጋን ብሔረሰብ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ቀለም ያላት፣ ጆሮዋ የተቆረጠ ድመት አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጠዋት በረዶ ሲገፉ ነው ያገኟት፤ ያኔ ነፍሷ አልወጣም ነበር።

«ጆሮዋን ሳይ የዱር ናት፣ ትቧጭረኛለች ብዬ ወፍራም ጓንት አጠለቅሁ» አሉ። «ስጠራት ግን ቀና አለች። ጓንቱን አወለቅሁ። አገጯን መዳፌ ላይ አሳርፋ ቆየች። እህቴ፣ የዱር ድመት ሰው እንዲህ እንዲያምን ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኝ ባይኬ፣ ወንድም ጋሼ» አለች ቡሩልቻ።

የቀበሩበትን አሳዩአት። መሬቱ ስለደረቀባቸው ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም።

ወደ አሮጌው ሕንጻ ስትሻገር ሬይሃንጉል ደወለች። ድምፅዋ ይጣደፍ ነበር። ከገበያው በስተጀርባ ሁለተኛ አዲስ ሕንጻ አልቋል፤ ሰዎቹ እሑድ ይገባሉ፣ ድመት ስጡን እያሉ ናቸው፣ ለምድር ቤቱ ድመቶች ሁሉ ይበቃል። ጡብ ደፋኞቹ ደግሞ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ቡሩልቻ በዘጠነኛው ፎቅ የሆነውን በጥቂት ቃል ነገረቻት።

«ካልሰጠናቸው ይደፈንባቸዋል ኤጄ» አለች ሬይሃንጉል።

«ከሰጠናቸውስ?»

ሬይሃንጉል መረብ እናስገጥማለን፣ እናስምላለን፣ በየሳምንቱ እንጠይቃለን አለች። ስትናገር ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። በአንድ ሌሊት የሚሆን እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ቡሩልቻ ስልኩን ዘጋች።

ምድር ቤቱ ውስጥ እንደ ወትሮው ጅራታቸውን አቁመው ከበቧት። ከጥጉ መጥረጊያ አነሣች። ሰው የሚፈራ ድመት ከገበያው መጋዘኖች ሥር ሊከርም ይችላል፤ ሰው የሚወድ ግን የጠራው ሁሉ ይወስደዋል። መጥረጊያውን በቧንቧው ላይ አጋጨች። ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። ድመቶቹ ቆመው አዩዋት። በማያውቁት ድምፅ ጮኸችባቸው፣ ውሃቸውን በእግሯ ደፋችው፣ ቀርቦ ሊታከካት የመጣውን ጥቁሩን በመጥረጊያው ገፋችው። ያን ጊዜ ሽሽት ሆነ። እየተጋፉ በትንንሾቹ መስኮቶች ወደ በረዶው ወጡ፤ አንዳንዶቹ መስኮቱ ላይ ቆመው ዞር ብለው እስክትቀርባቸው ጠበቁ፣ ከዚያ ዘለሉ።

ግራጫዋ አልወጣችም። ከሁሉም ታናሽ ናት፤ ከመኸር ጀምሮ ቡሩልቻ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው ለእሷ ነበር። ቡሩልቻ አጠገቧ ያለውን ስሚንቶ መታች፣ ደግማ መታች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጎኗን መታቻት።

ግራጫዋ በመጥረጊያው ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ሆዷን ሰጠቻት።