በግልገሌ የተገዛ ካርድ

የልጅ ልጄ እመቤት ሌባ ናት። ይህን ስል ሰው ይደነግጣል፤ ይደንግጥ።

ዳለቻ የምትባል በግ ነበረችኝ። ጉልበቴ ሲከዳኝ ለእመቤት በርቢ ሰጠኋት፤ በጓ የእኔ፣ ጥበቃው የእሷ፣ የሚወለደው የሁለታችን እኩል። ጎረቤታችን አያ ጌጡ ምስክር ነበር። የምንኖረው ደብረ ታቦር ዳር ነው፤ ግጦሹ ከደጃችን ይጀምራል፤ ጥበቃ ተብሎም የሚያኮራ አልነበረም። ዳለቻ አርጅታ አንዲት ሴት ግልገል ጥላልኝ ሞተች። ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት የበግ ዘር በዚያች ግልገል ላይ ቀረ።

የእመቤት ልብ ደግሞ ሌላ ዘንድ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒዩተር አምጥታ ሆዱን ስትዘረግፍ ከረመች። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የምታገኘው ሁሉ እሱ ውስጥ ገባ። አንዱን ትነቅላለች፣ ከዕቃ ሻጩ ከነጂብ ሱቅ ያገለገለ ግን የተሻለ አምጥታ ትሰካለች። የጫማዋ ተረከዝ አልቆ፣ የኮምፒዩተሩ ሣጥን መብራት ተገጠመለት፤ እንደ መጠጥ ቤት ቀይና አረንጓዴ ይላል።

«ለምንሽ ነው?» አልኋት።

«ለጌም ነዋ፣ እማማ። ጌም ቤት ስሄድ ወንዶቹ ተራሽ አልቋል እያሉ ያስነሡኛል። በራሴ ማሽን ላይ ማን ያስነሣኛል?»

«ባል አግብተሽ ቤትሽ ብትቀመጪስ ማን ያስነሣሽ ነበር?»

«ባልየው» አለች፣ ዓይኗን ከብረቱ ሳታነሣ።

የቀራት ካርድ የሚሉት ነገር ነበር። ሥዕሉን የሚያሯሩጠው እሱ ነው አሉ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውላ ካርቶን ታቅፋ ገባች። በረቱን አየሁት፤ ባዶ።

«ግልገሏስ?»

«ለአንበሳሜው በግ ነጋዴ ለይሻው ሸጥኋት። ካርዱን ሌላ ሰው ሊወስድብኝ ሆነ። የእርስዎን ድርሻ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ።»

«ድርሻ ማን ጠየቀሽ? ዘሬን አምጪ!»

አያ ጌጡን አስጠራሁ። ካርዱ ያን ጊዜ ማሽኑ ሆድ ገብቶ ነበር። አያ ጌጡ ዞሮ ዞሮ አየውና «ግልገሏ እዚህ ውስጥ ናት። እንግዲህ ማሽኑ እንደ ርቢ ይከፈል» አለ። «እመቤት ለሁለት ትመድብ፤ እመት ዓለሚቱ ይምረጡ።»

«ሌላው እኮ በላቤ የመጣ ነው!» ብላ ጮኸች።

«የላብሽን ከሰው በግ ጋር ደባልቂ ማን አለሽ?» አላት አያ ጌጡ።

ወጋችን ነው፤ ያረባ ይመድባል፣ ባለ በግ ቀድሞ ያነሣል። ደጅ ላይ ሰሌን ተነጠፈ። እመቤት ብሎኑን እያላላች ማሽኑን በታተነችው። ባንድ ወገን ትልቁን ስክሪንና ያንን መብራታም ሣጥን አቆመች፤ አቧራውን ጠርጋ አሳምራዋለች። በሌላው ወገን ከሣጥኑ ሆድ የወጡትን ትናንሽ ብረታ ብረቶችና ካርዱን አኖረች። ነጂብ ወሬ ሰምቶ መጥቶ ከአጥር ሥር ቆሟል።

«እማማ ዓለሚቱ፣ ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ እንደ ቴሌቪዥን ያዩበታል» አለኝ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ሻጭ ነህ ወይስ ዳኛ?»

እኔ በግ ስካፈል ነው ያረጀሁ። ተንኮለኛ መዳቢ የከሳውን በግ ጨው ያልሰዋል፤ ውኃ ይጠጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ የሰባ ይመስላል። ስለዚህ እኔ መደቡን አላይም፤ የመዳቢውን እጅ ነው የማየው። እመቤት ሣጥኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ አስጠጋችው። ካርዱን ግን ነጠላዋን አጥፋ፣ እንደ አራስ ልጅ ነበር ያስተኛችው።

«ይህን» አልሁ፣ ነጠላውን በምርኩዜ ነክቼ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ያደርግልዎታል? ሊበሉት ነው?»

«ከሽሮ ጋር አስፈጨዋለሁ።»

«ያለ እሱ እኮ ሣጥኑ ባዶ ነው!»

«በረቴም ባዶ ነው። ግልገሏ ስትገባ ይወጣል።»

ያን ወገን ብረት ሁሉ ከነነጠላው የልብስ ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርሁት። ጅብ አለችኝ። ጅብ ቢሆንማ ግልገሏን የበላው፣ ለጅቡ ወጥመድ እናበጅለት ነበር፤ ለልጅ ልጅ ምን ይበጃል?

ከርማ ከርማ ስክሪኑንና ሣጥኑን ለነጂብ መልሳ ሸጠች። አንበሳሜ ወርዳ ይሻውን ለመነች፤ እሱም ከገዛበት አስበልጦ አስከፈላት፤ እሰይ። ግልገሏን እየጎተተች መጣችና የገመዱን ጫፍ እግሬ ሥር ጣለችው።

«ይኸው። ዕቃዬን።»

የግልገሏን ጆሮ ገልብጬ ጥቁሯን ምልክት አየሁና ገመዱን አነሣሁ። ሣጥኔን ከፈትሁላት።

አሁን ያን ሁሉ ብረት በተሰበረ አልጋዬ ሳንቃ ላይ አስራዋለች፤ ገመዱ እንደ አንጀት ተዘርግፏል። ስትለኩሰው ያጉረመርማል፤ ስክሪን ስለሌለው ግን ዕውር ነው። ሰምታው ሰምታው ወደ በረቱ መጣችና የግልገሏን ገመድ ያዘች።

«እንደገና በርቢ ይስጡኝ። ስትወልድ በድርሻዬ ስክሪን እገዛለሁ።»

«የሚወለደውን እንጂ ይህችን የነካሽ ቀን ሳንቃሽን ከነብረቱ ነው የማነድደው!»

«እሺ። ግን በዚህኛው እርስዎ ይመድቡ፤ እኔ ልምረጥ።»

«ሞቼ ነው!»

ገመዱን አልለቀቀችም። እኔም አልለቀቅሁ። ግልገሏ መሃላችን ቆማ ትጮኻለች።