ባዝራዋ የገባችበት በር

ልዑል ቦዶ ከተሸነፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሰውነቱ ግን ገና አልሰማም። ድሮ መለከት በሚነፋበት ሰዓት እንቅልፉ ጥሎት ይጠፋል። ቦት ጫማውን ካጠለቀ በኋላ ነው የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ የሚለው።

ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ኮርቻ ላይ የኖረ ሰው ነው። ለሃኖቨር ንጉሥ ስድስት መቶ ፈረሰኛ ያዝዝ ነበር። ፕሩሲያ አገሪቱን ስትውጥ ወታደሮቹ ፈረሳቸውን አስረክበው በእግራቸው ወደየቀያቸው ገቡ። መኮንኖች የራሳቸውን እንዲያስቀሩ ስለተፈቀደ፣ ለእሱ ዳማ ባዝራው ሎሬ ቀረችለት።

በመስከረም ከበርሊን ደብዳቤ መጣ። ድል አድራጊዎቹ ብርጌድ ሊሰጡት ፈልገዋል።

«ምን ልትላቸው ነው?» አለችው እህቱ አደልጉንደ።

«እሺ ልላቸው።»

«የነሱን ልብስ ለብሰህ?»

«ልብስ ምን ያደርጋል፣ እህቴ። ፈረስ ቀለም አይመርጥም።»

ሠላሳ ዓመት ያገለገለው ሳጅን ሄኒንግ፣ አሁን አትክልተኛ ሆኖ፣ ባዝራዋን ጫነለት።

«ጎመኑ እንዴት ነው?» አለው ልዑሉ።

«በረድፍ በረድፍ ተክዬው አዛዥ ሆኛለሁ፣ ጌታዬ። ችግሩ፣ ወደፊት ስለው አይሄድልኝም።»

ልዑሉ መልሱን ሊያደርስ ወደ ከተማ ጋለበ። በቀድሞው የጦር ሰፈር በኩል ሲያልፍ የቀለብ መለከት ተነፋ። ሎሬ ጆሮዋን አቆመች። ልጓሙን ቢስብ ቢስብ እምቢ ብላ በበሩ ሰተት አለች፤ ከሦስተኛው ገንዳ፣ ከሁለት አሮጌ ግራጫ ጓደኞቿ መካከል፣ ከጥንት ቦታዋ ቆመች።

«ይቺስ ከኛ በላይ ሰዓት ታከብራለች» አለ አንድ የፕሩሲያ ወታደር። ሌሎቹ ሳቁ።

ወጣት መቶ አለቃ እየሮጠ መጣና የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ነገሩ ገባው። «ትብላ፣ ልዑል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ትብላ።»

ወርዶ አንገቷን ዳበሳት። ዞር ብላም አላየችው። ቀናባት። ዓይኑን በገንዳዎቹ ዳር ሰደደ፤ ከድሮ ወታደሮቹ ዘፋኙን ዴትመርን ፈለገ፣ ሁለቱን መንታ ወንድማማች ፈለገ። ከባርኔጣዎቹ ሥር ያሉትን አንዳቸውንም አያውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ የናፈቀው ፈረስና ማዘዝ መስሎት ነበር።

«ያዛት፤ የዚህ ቤት ናት» አለው መቶ አለቃውን፣ መልሱንም ሳያደርስ በእግሩ ተመለሰ።

ሄኒንግ መኮትኮቻውን አስቀመጠ። «ባዝራዋስ?»

«ቤቷ ገባች። ደብዳቤውን እምቢ ብዬ እጽፋለሁ። ዴትመር የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«ሴሌ ከተማ ጋሪ ይነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ ሁለቱ ሽማግሎች ተያይዘው ሄዱ። ዴትመር ግን በጸደይ ወደ አሜሪካ ተሳፍሯል። እናቱ ዳቦና ቋሊማ አቀረበችላቸው። ልዑሉ ልጁ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያ ልጅ የትኛውን ዘፈን ይወድ እንደነበር እስኪመሽ ድረስ ሲያስነግራት ዋለ።